ፎርድ ወይስ ሆልደን? የአንድ ተራራ ሁለት ጎራዎች

ኦክቶበር 1980፣ አውስትራሊያ፣ ባተርስት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ዲክ ጆንሰን ውድድሩን እየመራ ነው። ከኩዊንስላንድ የመጣ፣ ከጀርባው ትልቅ ኩባንያ የሌለው፣ ያለ የሌለ ገንዘቡን በአንዲት ሰማያዊ ፎርድ ፋልከን ላይ ያፈሰሰ ሰው ነው። ከሚያሳድዱት መካከል የሆልደን መኪና አከፋፋዮች የሚደግፉት፣ አገር ምድሩ ስሙን የሚያውቀው ፒተር ብሮክ ይገኛል። ገና 18ኛው ዙር ነው። ፋልከኗ ዳገቱን ወጥታ በግንብና በግንብ መካከል የጠበበውን ኩርባ እንዳለፈች፣ በመንገዱ አንድ ጎን የተበላሸ መኪና ሊያነሳ የመጣ ጎታች መኪና ተገትሯል። በቀረው ጎን ደግሞ ኳስ የሚያህል ድንጋይ መንገድ ላይ ተቀምጧል። መሄጃ አልነበረም። ጆንሰን ድንጋዩ ላይ ወጣ፤ ፋልከኗ ከግንቡ ጋር ተላተመች፤ የዚያን ቀን ውድድሯም እዚያው አበቃ።

ጥቂት ቆይቶ ጆንሰን በቻናል ሰቨን ካሜራ ፊት ቆመ። እንባ እየተናነቀው ይናገራል። ገንዘቡ አልቋል፣ መኪናዋ ከጥቅም ውጭ ሆናለች፣ ከእንግዲህ እወዳደራለሁ የሚል ተስፋ የለውም። ውድድሩ ቀኑን ሙሉ በቀጥታ ስለሚተላለፍ ይህን በየሳሎኑ ተቀምጦ ያየው ሰው ብዙ ነበር። የጣቢያው ስልክ መጮህ ጀመረ። ያለው ጠቀም አድርጎ፣ የሌለው ካለችው ቆንጥሮ ለመስጠት ቃል ይገባል። ከሕዝቡ የተዋጣው ከ70 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ሆነ፤ ፎርድም ሕዝቡ በሰጠው ልክ ጨምሮ እጥፍ አደረገው። በዓመቱ ጆንሰን አዲስ ፋልከን ሠርቶ ተመለሰ። ከጆን ፍሬንች ጋር እየተፈራረቀ ሲነዳ፣ ውድድሩ በብዙ መኪኖች ግጭት ሳቢያ ከመጠናቀቁ በፊት ሲቋረጥ፣ ከፊት የተገኘው እሱ ነበር።

ድንጋዩን ማን አንከባለለው የሚለው ጉዳይ ዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። እኔን ግን ከድንጋዩ ይልቅ ስልኩ ይገርመኛል። ሰው ለታመመ ያዋጣል፤ ቤቱ ለተቃጠለበት ያዋጣል። ዋና መሥሪያ ቤቱ አሜሪካ፣ ዲትሮይት አጠገብ የሆነ ኩባንያ አርማ የተለጠፈበትን የውድድር መኪና ለማስጠገን የሚያዋጣው ግን ለምንድን ነው?

ተራራው

ባተርስት ከሲድኒ በስተ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የኒው ሳውዝ ዌልስ ከተማ ናት። ከጎኗ ያለው ተራራ ማውንት ፓኖራማ ይባላል፤ ጥንተ ባለቤቶቹ የዊራጁሪ ሕዝቦች ዋሉ ይሉታል። በ1938 የተከፈተው የውድድር መንገድ ይህን ተራራ ወጥቶ ይወርዳል። ርዝመቱ 6.213 ኪሎ ሜትር፣ ኩርባዎቹ 23፣ ከታችኛው ነጥብ እስከ ላይኛው ያለው ከፍታ 174 ሜትር ነው። የሚገርመው ግን ሌላ ነው፤ ይህ በአዘቦት ቀን ማንም የሚነዳበት የሕዝብ መንገድ ነው። ዳሩ ላይ የመኖሪያ ቤቶችና የወይን እርሻ አሉ። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነው። በውድድሩ ቀን ኮንሮድ በሚባለው ቁልቁለት ላይ መኪኖቹ ወደ 300 ይጠጋሉ። ካንጋሮ ዘሎ የገባበት ጊዜም አለ።

የሚወዳደሩት መኪኖች በፎርሙላ ዋን እንደምናያቸው ለውድድር ብቻ የተፈለሰፉ አይደሉም። ቱሪንግ ካር የሚባሉት ናቸው፤ መነሻቸው አራት በር ያላት፣ ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርስ የቤት መኪና ናት። ጀርመኖች በዚሁ ዓይነት ውድድር ቢኤምደብሊውንና መርሴዲስን ሲያፎካክሩ ኖረዋል፤ እንግሊዞችም የራሳቸው አላቸው። ነገር ግን ፉክክሩ ከትራኩ ወጥቶ በየቤቱ የገባበትን አገር ፈልግ ብባል ከአውስትራሊያ ሌላ አልጠራም።

ትልቁ ውድድር በ1960 ቪክቶሪያ ውስጥ በፊሊፕ ደሴት ተጀምሮ በ1963 ወደ ባተርስት ተዛወረ። መጀመሪያ 500 ማይል ነበር፤ አገሪቱ ወደ ኪሎ ሜትር ስትዞር በ1973 አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ሆነ። ዛሬ 161 ዙር ይፈጃል፤ ከስድስት ሰዓት በላይ ማለት ነው። በአንድ መኪና ሁለት ነጂዎች ይፈራረቃሉ።

ተመልካቹ ከቀናት በፊት ድንኳኑን ይዞ ተራራው አናት ላይ ይሰፍራል። አሮጌ ሶፋ በፒክአፕ ጭኖ የሚመጣ አለ። ፖሊስ በካምፑ የሚገባውን መጠጥ ወሰን አበጅቶለታል፤ አልኮሉ ሙሉ የሆነ ቢራ ከሆነ ለአንድ ሰው በቀን 24 ጣሳ። ይህ እንግዲህ ቁጥጥር ነው! ወሰኑን ለማለፍ ከሳምንታት በፊት መጥተው ቢራቸውን መሬት ውስጥ ቀብረው የሚሄዱ እንዳሉም ይወራል። ካምፑ በቀለም የተከፈለ ነበር። ቀይ የሆልደን ነው፤ ሰማያዊ የፎርድ። ኮፍያው፣ ባንዲራው፣ የድንኳኑ ጣራ፣ የሕፃኑ ቲሸርት ሳይቀር ይለያል።

ሁለቱ ቤቶች

ሆልደን በ1856 አደሌድ ከተማ ውስጥ በኮርቻ ሥራ ጀመረ። ቆይቶ የመኪና ቦዲ ወደ መሥራት ገባ፤ በ1931 የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ጠቀለለው። በኖቬምበር 1948 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤን ቺፍሊ ሜልበርን በሚገኘው ፋብሪካ ተገኝተው የመጀመሪያዋን ሆልደን መርቀው ሲያስወጡ፣ ጋዜጦቹ የአውስትራሊያ የራሷ መኪና ብለው ተቀበሏት። አርማው ድንጋይ የሚያንከባልል አንበሳ ነበር። ፎርድ ደግሞ ከ1925 ጀምሮ ጂሎንግ ላይ ፋብሪካ ነበረው፤ በ1960 ፋልከንን አመጣ። የመጀመሪያዋ ፋልከን በአሜሪካ አስፋልት የተሞከረች ስለነበረች የአውስትራሊያ ኮረኮንች የፊት እግሯን ሰባበረው፤ ፎርድ ስሙን ለማደስ ዓመታት ፈጀበት።

እንግዲህ ሁለቱም የአሜሪካ ልጆች ናቸው። ትርፋቸው ይሄድ የነበረው ወደ አንድ አካባቢ ነው። ይህን ለአንድ የሆልደን ሰው ብትነግረው አይክድህም፤ ብቻ ምንም አይመስለውም። የእሱ ሆልደን አባቱ ከፋብሪካው በር የገዛት፣ አያቱ እዚያው ሲበይድ የኖረበት ነው። ፎርድ ቤት የተወለደም እንዲሁ ነው። የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ ከአባቱ የወረሰውን ክለብ እንደማይመረምር ሁሉ፣ እነዚህም የመጡበትን ቤት አይመረምሩም። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። የቡና ደጋፊ ትኬት ገዝቶ ስታዲየም ይገባል፤ የፎርድ ቲፎዞ ደግሞ የዓመታት ደሞዙን ከፍሎ ክለቡን ወደ ሥራ ይነዳዋል። ኩባንያዎቹም ይህን ከማንም ቀድመው ተረድተውታል።

ዕሑድ ያሸነፈ ሰኞ ይሸጣል ይባላል፤ የመኪና ሻጮች አባባል ነው። በ1967 ሃሪ ፈርዝና ፍሬድ ጊብሰን የተባሉ ነጂዎች ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር የተገጠመላት ፋልከን ጂቲ ይዘው ባተርስትን አሸነፉ። በዓመቱ ሆልደን ሞናሮ የምትባል ባለ ሁለት በር መኪና ይዞ መለሰ። ጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካዎቹ በቀጥታ ውድድር ውስጥ እንዳይገቡ ከልክሎ ስለነበር፣ ሆልደን በ1969 በአከፋፋዮቹ ስም ቡድን አቋቋመ፤ እንዲመራለትም ያንኑ የፎርዱን ሃሪ ፈርዝ ወሰደ። ፈርዝ ይዟቸው ከገባ አዳዲስ ነጂዎች አንዱ በዚያ ዓመት ባተርስት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደረው ወጣቱ ፒተር ብሮክ ነው።

የዚያን ጊዜ ደንብ፣ የሚወዳደረው መኪና ለሕዝብ የሚሸጠው ራሱ መሆን አለበት ይላል። ስለዚህ ለማሸነፍ የፈለገ ፋብሪካ የውድድር መኪናውን በትንሽ ቁጥር ሠርቶ፣ ሰሌዳ ለጥፎ፣ ለማንም ዜጋ ይሸጣል። የዚህ ሁሉ ጫፍ በ1971 የወጣችው ፋልከን ጂቲኤችኦ ፌዝ ስሪ ናት። 5.8 ሊትር ሞተር ያላት አራት በር የቤት መኪና ስትሆን የተሠሩት 300 ገደማ ናቸው። ካናዳ የተወለደው አለን ሞፋት በዚያው ዓመት ብቻውን ነድቷት አሸነፈ፤ ያውም በነፋስ የመጣ የቢራ ካርቶን የራዲያተሩ ፊት ላይ ተለጥፎበት ሞተሩ ይፈላ ይሆን እያለ። ዛሬ ከእነዚህ መኪኖች አንዷ ለጨረታ ስትወጣ ከአንድ ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ታወጣለች።

ነገሩ ሄዶ ሄዶ ፖለቲካ ሆነ። በጁን 1972 አንድ የሲድኒ ጋዜጣ፣ በሰዓት 160 ማይል የሚበሩ መኪኖች ለማንኛውም ወጣት ሊሸጡ ነው የሚል ዜና በፊት ገጹ አወጣ። ሚኒስትሮች ተቆጡ፤ ፎርድም ሆልደንም ክራይስለርም ያዘጋጁትን አዲስ ሞዴል ሰረዙ። ደንቡም ተቀየረ። ከዚያ በኋላ የትራኩ መኪናና የመንገዱ መኪና ቀስ በቀስ መራራቅ ጀመሩ፤ እስከ ዛሬም እንደተራራቁ ነው።

ጸቡ ግን አልበረደም። በ1977 ፎርድ ሁለት ፋልከኖችን ከሁሉም ቀድመው ጎን ለጎን አድርጎ የመጨረሻውን መስመር አሳለፋቸው። ሞፋት የሚነዳት የፊተኛዋ ፍሬኗ አልቆ ነበር፤ ኮሊን ቦንድ ከኋላዋ በደህና መኪና እየተከተለ ሊያልፋት ይችል ነበር፤ አላለፋትም። ያ ፎቶግራፍ ለሻጮች ምን ያህል እንደሚጠቅም የገባው ሰው ፒት ውስጥ ነበር ማለት ነው። የሆልደን ምላሽ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲመጣ እጅግ የከበደ ነበር። በ1979 ብሮክና ጂም ሪቻርድስ ተከታያቸውን በስድስት ዙር ቀድመው ጨረሱ። ስድስት ዙር ማለት ከ37 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብሮክ ይህም አልበቃው ብሎ በመጨረሻው ዙር የፍጥነት ክብረ ወሰን ሰበረ። ለማሸነፍ አያስፈልገውም ነበር፤ ለሰማያዊዎቹ ካምፕ የተላከ መልእክት እንደሆነ ግን ማንም አልጠፋውም።

ብሮክ የተባለው ጣጣ

ፒተር ብሮክ ባተርስትን ዘጠኝ ጊዜ አሸንፏል፤ ማንም አልደረሰበትም። የመኪናው ቁጥር 05 ነበር፤ የቪክቶሪያ ግዛት በአልኮል መጠን ላይ ያወጣችውን 0.05 የሚል ወሰን ለማስተማር የተለጠፈ ነው። በየቀኑ 24 ጣሳ የሚጠጣው ካምፕ የሚያመልከው ሰው የመንገድ ደህንነት ማስታወቂያ ሆኖ መገኘቱ ራሱን የቻለ ቀልድ ነው።

ይህ ሰው አዲስ ነገር ይዞ ብቅ አለ። ኢነርጂ ፖላራይዘር ይባላል፤ ማግኔትና ክሪስታል የያዘች ትንሽ ሣጥን ናት፤ መኪና ውስጥ ከገባች አካሄዷን ታሻሽላለች ብሎ ከልቡ አመነ። የሆልደን መሐንዲሶች አላመኑም። በራሱ ስም የሚያወጣው መኪና ላይ እንዳይገጥማት ጠየቁት፤ እምቢ አለ፤ ሆልደን በ1987 መጀመሪያ ግንኙነቱን አቋረጠ። የሆልደን ሌላ ስሙ የነበረው ሰው ከሆልደን ተባረረ ማለት ነው። ያም ሆኖ በዚያው ዓመት ኦክቶበር በሆልደን ኮሞዶር ተወዳደረ፤ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ሁለት ፎርድ ሲየራዎች የጎማ ሽፋናቸው ከደንብ ውጭ ሆኖ ስለተገኘ ተሰረዙና ዘጠነኛው ድል የብሮክ ሆነ።

ቀጥሎ የሆነውን የሆልደን ቤት ሽማግሌዎች ማውራት አይወዱም። ብሮክ በ1988 ቢኤምደብሊው፣ በ1989 እና በ1990 ደግሞ ፎርድ ነዳ። አዎ፣ ፎርድ። በ1989 ባተርስት ላይ በፎርድ ሲየራ ከሁሉም ቀድሞ የመነሻውን የመጀመሪያ ቦታ ያዘ። ቀይ ለባሹ ምን ያድርግ? ሰውየውን ይከተል ወይስ አንበሳውን? በ1991 ወደ ሆልደን ሲመለስ ሁሉም ነገር ተረሳ። የቲፎዞ ታማኝነት ለማርካ ነው የሚባለው ብዙውን ጊዜ ለሰው መሆኑ እዚህ ላይ የተጋለጠ ይመስለኛል፤ ተራው ነጂ ቢሆን ኖሮ ይቅርታውን በዚህ ፍጥነት አያገኝም ነበር።

በ1992 የታየው ደግሞ የዚሁ ፍቅር ጥቁር ፊት ነው። የዚያን ዘመን ንጉሥ ፎርድም ሆልደንም አልነበረም። ኒሳን ስካይላይን ጂቲአር ባለ አራት ጎማ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ቱርቦ መኪና ነበር፤ የአውስትራሊያ ጋዜጠኞች ጎድዚላ የሚል ስም አውጥተውለታል። በዚያ ቀን ወደ መጨረሻው ላይ ዶፍ ወረደ። መኪኖች በየኩርባው ይንሸራተታሉ፤ መሪው ጂም ሪቻርድስም ስካይላይኑን ከግንብ ጋር አጋጨው። ዳኞች ቀይ ባንዲራ አውጥተው ውድድሩን አቆሙ። ደንቡ ውጤቱ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲቆጠር ስለሚያዝ አሸናፊዎቹ የተሰባበረ መኪና ይዘው የቆሙት ሪቻርድስና ማርክ ስካይፍ ሆኑ፤ ፎርዱ ሲየራ ላይ የነበሩት ዲክ ጆንሰንና ጆን ቦው ግን መኪናቸው እየሄደች ሁለተኛ ተባሉ።

ሁለቱ የኒሳን ነጂዎች የሽልማቱ መድረክ ላይ ሲወጡ ከታች ያለው ሕዝብ በአንድ ድምፅ ጮኸባቸው። ሪቻርድስ በዚያን ሰዓት የሚያውቀው ነገር ነበር፤ የአገሩ ልጅና ወዳጁ፣ የ1967 የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን ኒውዚላንዳዊው ዴኒ ሀልም በዚያው ውድድር ላይ እየነዳ ሳለ ልቡ ቆሞ ሞቷል። ማይክሮፎኑን ተቀበለና ሕዝቡን በቀጥታ ስርጭት፣ ለመጽሔት በማይመች ቃል ሰደበው። እኔ ሪቻርድስን አልፈርድበትም። የዚያን ቀን ጩኸት በአብዛኛው በደንቡ ላይ የተነሳ ቁጣ አልነበረም፤ ቤታችን ውስጥ ሌላ ሰው ምን ይሠራል የሚል ነበር።

አጥሩና የአጥሩ ውስጥ

የሚገርመው አዘጋጆቹ ጩኸቱን መስማታቸው ነው። ከ1993 ጀምሮ ደንቡ ተቀየረና ዋናው ፉክክር ባለ አምስት ሊትር ቪ8 ሞተር ለያዙ ፋልከንና ኮሞዶር ተሰጠ። ጎድዚላ ከሜዳ ወጣ። ለሃያ ዓመት ያህል አገሪቱ የምትወደውን ነገር ብቻ እየደገመች አየች፤ ቀይና ሰማያዊ፣ ሰማያዊና ቀይ። ንግዱ ደራ፤ ኮሞዶር ከ1996 እስከ 2010 በተከታታይ 15 ዓመት የአውስትራሊያ ቁጥር አንድ ተሸጭ መኪና ነበረች።

አጥሩ ውስጥ ግን ሌላ ነገር እየተካሄደ ነበር። አንደኛው ወገን ሲያሸንፍ ሌላው ደንቡ ያዳላል ብሎ ይከሳል። አዘጋጆቹ ለማስታረቅ ሁለቱን መኪኖች እያቀራረቡ ሄዱ። በ2003 የሁለቱ ቁመትና ዋና ዋና ልኬት እኩል እንዲሆን ተደረገ። በ2013 ሻንሲው ራሱ የጋራ ሆነ፤ የማርሽ ሣጥኑም አንድ። ቦዲውን ቢገፉት ከሥር የሚታየው ተመሳሳይ ብረት ነው። አባቱ ፎርድ ይሻላል እያለ ያሳደገው ልጅ የሚከራከረው እንግዲህ ስለ ሞተሩ ድምፅ፣ ስለ መብራቱ ቅርጽና ስለ አርማው ነው። ክርክሩ ግን አንድ ዲግሪ እንኳ አልቀዘቀዘም።

በዚያው በ2013 አጥሩ ተከፍቶ ኒሳንና መርሴዲስ ገቡ፤ በዓመቱ ቮልቮ ተከተለ። ጥሩ ነዱ፤ ቮልቮም ውድድሮች አሸነፈ። ተራራው ላይ ግን ሦስተኛ ቀለም ያለው ካምፕ አልተመሠረተም። እስከ 2019 መጨረሻ ሦስቱም ወጥተው አልቀው ነበር። ማርካ በገንዘብ ቡድን ይገዛል፤ የአርባ ዓመት ትዝታ ግን ከየት ይገዛል?

ክሬግ ላውንድስ የሚባለው ነጂ ይህን በሥጋው ቀምሶታል። የብሮክ ደቀ መዝሙር ነበር፤ በሆልደን ሦስት ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል። በ2001 ወደ ፎርድ ተሻገረ። የትናንት አድናቂዎቹ ከሃዲ አሉት፤ ሲያልፍ ጮኹበት። ፎርዶቹም ወዲያው አላቀፉትም፤ ቀይ ሽታው አልለቀቀውም ነበር።

በሴፕቴምበር 2006 ብሮክ በምዕራብ አውስትራሊያ የራሊ ውድድር ላይ ሳለ መኪናው ከዛፍ ጋር ተጋጭታ ሞተ። ባተርስት አንድ ወር ብቻ ቀርቶት ነበር። አዘጋጆቹ የአሸናፊውን ዋንጫ በስሙ ሰየሙት። በዚያ ዓመት መላው ካምፕ፣ ሰማያዊ ለባሹ ጭምር፣ 05 ቁጥርን ለብሶ መጣ። ላውንድስ ከወጣቱ ጄሚ ዊንካፕ ጋር በፎርድ ፋልከን ተሰልፏል። የመጨረሻው ሰዓት ላይ ከኋላው ሪክ ኬሊ ሆልደን ይዞ ተጣብቆበታል። ኮንሮድን ወርደው የመጨረሻዋን ኩርባ ሲዞሩ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው። ላውንድስ ቀደመ። የሆልደን ንጉሥ ስም የተጻፈበትን የመጀመሪያ ዋንጫ ፎርድ ይዞ ወሰደ፤ እያለቀሰ። ያን ቀን ማን ይጮህበት? ቀዩም ሰማያዊውም አብሮት አለቀሰ። ቡድኑ በ2010 ወደ ሆልደን ሲዞር እሱም አብሮ ተመለሰና ባተርስትን በድምሩ ሰባት ጊዜ አሸንፎ ጨረሰ። ሦስቱ በፎርድ፣ አራቱ በሆልደን ናቸው።

የበሩ መዘጋት

ከባህረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ የኖረ አንባቢ፣ ሪያድ ወይም ዱባይ ውስጥ ሰፊ ጀርባ ያላት ሸቭሮሌት ካፕሪስ ወይም ሸቭሮሌት ሉሚና ተሳፍሮ ይሆናል። ያቺ መኪና አሜሪካዊት አልነበረችም። አደሌድ አጠገብ፣ ኤልዛቤት በምትባል የፋብሪካ ከተማ የተሠራች ሆልደን ነበረች፤ አንበሳው ተነቅሎ የሸቭሮሌት መስቀል የተለጠፈባት። ጄኔራል ሞተርስ ለአረቡ ገበያ አርማውን ሲቀይር ማንም ያለቀሰ የለም። አውስትራሊያ ውስጥ ግን ለዚያች አንበሳ ወንድማማች ተኮራርፏል።

ፎርድ በ2013 ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሆልደን ተከተለ። የቀረጥ ከለላው ለዓመታት ሲቀንስ ኖሯል፤ የአውስትራሊያ ዶላር ከፍ ብሎ ወጪውን አንሮታል፤ ሰዉም ከትልቅ አራት በር መኪና ወደ ፒክአፕና ወደ ትንንሽ የእስያ መኪኖች ዞሯል። ተራራው ላይ ለፋልከን ጉሮሮው እስኪዘጋ የሚጮኸው ሰው ሰኞ ጠዋት ሌላ መኪና ይገዛ ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው። በኦክቶበር 7 ቀን 2016 የመጨረሻዋ ፋልከን ከሜልበርን ፋብሪካ ወጣች፤ ቀለሟ ሰማያዊ ነበር። በኦክቶበር 20 ቀን 2017 የመጨረሻዋ ኮሞዶር ከኤልዛቤት ወጣች፤ ቀለሟ ቀይ ነበር። ፋብሪካዎቹ እንኳ በየቀለማቸው ተሰናበቱ።

ሆልደን ከዚያ በኋላ ኮሞዶር የሚል ስም የለጠፈው ጀርመን ውስጥ በተሠራ ኦፔል ላይ ነው። አልሸጠም። በፌብሩዋሪ 17 ቀን 2020 ጄኔራል ሞተርስ የሆልደንን ስም ጭራሹኑ እንደሚያስቀር አስታወቀ። 160 ዓመት ያለፈው ስም በአንድ የጋዜጣ መግለጫ አበቃ። የውድድሩ መኪኖች ግን አልቆሙም። ኩባንያው ሞቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ሆልደኖች ተራራውን ወጡ፤ በ2022 በመጨረሻው የባተርስት ቀናቸውም ሼን ቫን ጊስበርገንና ጋርት ታንደር አንበሳውን አንደኛ አወጡት።

በ2023 አዲሱ ትውልድ መጣ። ፎርድ ሙስታንግ፣ ከሆልደን ይልቅ ደግሞ ሸቭሮሌት ካማሮ። አውስትራሊያ ውስጥ ካማሮን ከመደበኛ ሻጭ መግዛት አይቻልም፤ ዕሑድ ቢያሸንፍ ሰኞ የሚሸጥ የለም። ይሁንና ቀይ ኮፍያ የለበሰው ሁሉ ተነስቶ ካማሮ ጎን ቆመ። ፎርዶች በዚያው ዓመት ካማሮ በነፋስ አቆራረጡ ይበልጠናል ብለው ከሰሱ። ክሱ በቀላሉ አልታለፈም፤ ሁለቱም መኪኖች አሜሪካ ድረስ ተጭነው በንፋስ መፈተሻ ክፍል ተመዘኑ። በ2023ና በ2024 ባተርስትን ካማሮ ወሰደ፤ በ2025 ማት ፔይንና ያው ጋርት ታንደር፣ በዚህ ጊዜ በሙስታንግ።

እኔ የምፈርደው እንዲህ ነው። ኩባንያዎቹ ለእነዚህ ሰዎች ያላቸው ታማኝነት ሰዎቹ ለኩባንያዎቹ ከነበራቸው ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። ፎርድ ለጆንሰን እጥፍ ከፍሏል፤ ደግ አደረገ፤ ያገኘው ማስታወቂያ ግን ከከፈለው እጅግ ይበልጣል። ጄኔራል ሞተርስ የሆልደንን ስም ሲዘጋ ተራራው ላይ የሰፈሩትን አልጠየቀም። እነሱም የሚወዱት ነገር መቼም በዲትሮይት እጅ አልነበረምና መምጣታቸውን አልተዉም። አሁን ደግሞ ሌላ ፈተና ቀርቦላቸዋል፤ ከ2026 ጀምሮ ቶዮታ ሱፕራን ይዞ እንደሚገባ አስታውቋል። የላውንድስና የመጨረሻዎቹ ሆልደኖች ቤት የነበረው ትሪፕል ኤይት የተባለው ቡድን ደግሞ ወደ ፎርድ እንደሚሻገር አስታውቋል። ቀዩ ካምፕ የቱን ኮፍያ ያደርግ ይሆን?

ለማየት የሚፈልግ አንባቢ ካለ፣ ውድድሩ በየዓመቱ በእኛ የመስከረም መጨረሻ ወይም የጥቅምት መጀመሪያ ዕሑድ ላይ ይውላል። የሚጀምረው በአዲስ አበባ ሰዓት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ በጊዜ መተኛት ነው፤ የሚያልቀው ጠዋት ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው።